ምዕራፍ ሰባት፦ በኦሞ ውሃ የሚሄድ መኪና

ኮልቾ የካሮ ብሔረሰብ መንደር ናት፤ ከኦሞ ወንዝ በላይ ከፍ ባለ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከአፋፉ ቁልቁል ሲያዩት ወንዙ በደለል ደፍርሶ በሰፊው ይታጠፋል፤ የዛፍ መስመር ዳርና ዳር ተከትሎት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ድረስ ነው። ጎብኚ ኮልቾን የሚያውቃት በዚህ እይታና በነጭ አፈር በተዋበ ገላ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያወራ ምዕራፍ ከዚህች መንደር የሚነሣበት በቂ ምክንያት አለው። በኮልቾ ሥር የሚያልፈው ውሃ አብዛኛው፣ እዚያ ከመድረሱ ከቀናት በፊት፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል በተገነባው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተርባይኖች ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። ግድቡ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በ1,870 ሜጋዋት አቅሙ የአገሪቱ ትልቁ ማመንጫ ነበር። በዚያው ተፋሰስ ካሉት ከግልገል ጊቤ 1ና 2 ጋር ሲደመር አቅሙ ወደ 2,500 ሜጋዋት ይጠጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ግቢው ገብቶ መኪናውን ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ የኦሞ ደንበኛ ሆኗል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት ከጨመረ ወዲህ የዓባይ ድርሻ ከኦሞ ይበልጣል፤ ነገር ግን ኔትወርኩ አንድ ነውና ሁለቱ ወንዞች ባትሪው ውስጥ ተቀላቅለው ይገባሉ።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህ ነው። በኢትዮጵያ የመኪና ባለቤቶች ዘንድ ለኤሌክትሪክ መኪና እያደገ የመጣው ፍቅር በቂ መሠረት አለው፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ወዳጆቹ ከሚጠቅሱት የጠለቀ ነው። ይሁን እንጂ የፍቅሩ ዕጣ የሚወሰነው በመኪናው ጥራት ወይም በባትሪው መጠን ብቻ አይደለም። በሽቦው፣ በትራንስፎርመሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኃይሉን በሚሰጠው ወንዝ ዳር ከሚኖረው ሕዝብ ጋር በሚኖረው ውል ነው። ይህን ደግሞ ከቦሌ ይልቅ ከኮንሶ እስከ ጂንካ፣ ከጂንካ እስከ ኮልቾ ያለው አገር በተሻለ ያሳያል።

ፍቅሩ የሚጀምረው ከኪስ ነው። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረጋቸው፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚመጡት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲቀር፣ ተበታትነው የሚመጡት ከዚያም ነፃ ሆኑ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አስታወቁ። እንዲህ ያለውን ክልከላ ከኢትዮጵያ ቀድሞ ሥራ ላይ ያዋለ አገር አልነበረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የነዳጅ ዋጋም አብሮ መውጣት ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ አነስተኛ የቤት መኪና ለዚያ ርቀት ከ800 ብር በላይ ታስወጣለች። ተመጣጣኝ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል፤ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር እንኳ ብናስበው 170 ብር ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ከ6,000 ብር ይበልጣል። በዚህ ላይ የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፤ የፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም። ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ተራ መጠበቅም ይቀራል። ሰልፉን የቆመበት ሰው ይህን የመጨረሻውን ከገንዘቡ በላይ ሊቆጥረው ይችላል።

ከኪሱ ቀጥሎ ባለቤቱን የሚያሸንፈው የመኪናው ጠባይ ነው፤ እዚህ ላይ የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር ራሱ ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚያደላ መሆኑ በበቂ አልተነገረም። የቤንዚን ሞተር እሳት ነው፤ እሳት ደግሞ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን እጅ ያህል ያጣል። እንጦጦን የሚወጣ አሮጌ መኪና የሚያቃስተው ዕድሜው ስለገፋ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ስላጠረውም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስምና ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም። ከዚህም በላይ የቤንዚን ሞተር ከተቀዳለት ነዳጅ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ነው፤ የተረፈው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይበናል። የኤሌክትሪኩ ግን ከባትሪው ካወጣው ከመቶ ሰማንያ ያህሉን ጎማ ላይ ያደርሳል። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፤ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። በቤንዚን መኪና ይህ ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል፤ በኤሌክትሪኩ ከግማሽ የማያንሰው ወደ ባትሪው ሊመለስ ይችላል። ከኮንሶ ተራራ ወደ ወይጦ ቆላ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሹፌር፣ የጋለ ፍሬን ሽታ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሹፌር፣ የዚህን ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም።

የአገር ሒሳብ ግን ከግለሰብ ሒሳብ ይለያል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ክልከላው ሲታወጅ መንግሥት ያቀረበው ዋና ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው፤ በአንድ ዓመት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ለነዳጅ እንደወጣ ሚኒስትሩ ተናግረዋል። ምክንያቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የቤት መኪና ብቻውን ይህን ጉድጓድ አይሞላም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ አገር ውስጥ ገብተዋል የተባሉትን 100,000 የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች እንውሰድ፤ እያንዳንዱ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በቤንዚን ቢሆን ኖሮ 120 ሚሊዮን ሊትር ይጠጣ ነበር። ሊትሩን በ70 የአሜሪካ ሳንቲም ብናስበው 84 ሚሊዮን ዶላር ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ከ6 ቢሊዮኑ አንጻር ግን አንድ በመቶን ብዙም አያልፍም። አገሪቱ ከምታስገባው ነዳጅ አብዛኛው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣውን የሚጠጡት ደግሞ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ፣ አይሱዙና ላንድክሩዘር ናቸው። ስለዚህ የቤት መኪና ባለቤቱ ፍቅር ለአገር የሚጠቅመው በራሱ ነዳጅ ቁጠባ ሳይሆን በሚያስከትለው ነገር ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው፣ መካኒኩ፣ የመለዋወጫ ሱቁ፣ የባትሪ ጥገናው በቤት መኪና ገበያ ካልተቋቋመ ሚኒባሱና የጭነት መኪናው ሊከተል አይችልም። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር የመጀመሪያዋን አገር ውስጥ የተገጣጠመች የኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ ሲያቀርብ ብዙ ሰው እንደ ብርቅ ነገር ነበር ያያት። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ መንገድ ላይ 16 መኪና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ሲከፍት ግን ደንበኞቹ ቀድመው መንገድ ላይ ነበሩ። ገበያው በአምስት ዓመት ውስጥ የተጓዘው መንገድ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። ከሁሉም የሚደጋገመው «ከሕዝቡ ግማሽ የሚሆነው መብራት ሳያገኝ ለመኪና መብራት ማደል ግፍ ነው» የሚለው ነው። ስሜቱ ትክክል ነው፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። ቀደም ብለን የቆጠርናቸው 100,000 መኪኖች በዓመት የሚፈልጉት 255 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግልገል ጊቤ 3 ብቻውን በዓመት 6.5 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የመኪኖቹ ድርሻ ከዚህ 4 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር መኪኖቹ ሁሉ ተደምረው ቀን ከሌሊት በአማካይ የሚወስዱት 30 ሜጋዋት አይሞላም። አገሪቱ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወላይታ ሶዶ በተዘረጋው ከፍተኛ መስመር ለኬንያ 200 ሜጋዋት መሸጥ ጀመረች፤ ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮችም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት ስታቀርብ ቆይታለች። እንግዲህ ገጠሩን ያጨለመው የማመንጨት ጉድለት አይደለም። የጎደለው ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ ጣቢያ ነው፤ ይህ ደግሞ በገንዘብ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ገንዘቡም የሚመጣው ኃይሉን በደህና ዋጋ ከሚገዛ ደንበኛ ነው። የመኪና ባለቤት እንዲህ ያለ ደንበኛ ነው። የቤንዚኑን ዋጋ ስለሚያውቅ ለመብራት ተመጣጣኝ ዋጋ ለመክፈል አያንገራግርም፤ ሌላው ሰው ተኝቶ ተርባይኑ ሥራ በሚፈታበት በሌሊት ይገዛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ዝም አይልም። ድሮ መብራት ሲጠፋ ሻማ ያበራ የነበረ ሰው አሁን ሥራ የሚሄድበት ነገር ነው የሚቆምበት። ስለ ትራንስፎርመር አቅም የሚጠይቅ፣ ስለ ሰፈሩ መስመር የሚከራከር፣ ለቆጣሪ ማሳደጊያ ደጅ የሚጠና አዲስ ዓይነት ዜጋ እየተፈጠረ ነው። በእኔ እምነት የኤሌክትሪክ መኪና ለኢትዮጵያ ካደረጋቸው ነገሮች ይህ ትንሹ አይደለም።

ወደ ጂንካ ስንወርድ ይኸው ነጥብ የበለጠ ይጎላል። ለደቡብ ኦሞ የሚደርስ አንድ ሊትር ቤንዚን ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በቦቴ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በቀይ አፈር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ናፍጣ እያቃጠለ ናፍጣ የሚያመላልስ መንገድ ነው። የነዳጅ መሸጫ ዋጋ በየከተማው የሚወጣው የማጓጓዣው ወጪ እየተጨመረበት ስለሆነ የሩቅ ሰው ከመሀል አገሩ ሰው በላይ ይከፍላል፤ ማደያው ሲደርቅ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጠውን፣ ንጽሕናውም ዋጋውም የማይታወቀውን ይገዛል። ኤሌክትሪክ ግን እንዲህ አይጓዝም፤ ሽቦው አንድ ጊዜ ከተዘረጋ በኋላ ለመሀልም ለዳርም በአንድ ታሪፍ ይሸጣል። ለዳር አገር ሰው ከዚህ የተሻለ ፍትሕ ያለው ነዳጅ እስካሁን አልተገኘም። እስካሁን ግን የኤሌክትሪክ መኪናው ፍቅር የሞቀው ነዳጅ በሚቀርባት በአዲስ አበባ ነው፤ ነዳጅ በሚርቃት በጂንካ አይደለም። የዚህ ምክንያቱ የጂንካ ሰው ለአዲስ ነገር ዳተኛ መሆኑ አይደለም። መስመሩ ረጅምና ስስ በመሆኑ መብራት ደጋግሞ ይቆራረጣል፤ በመንገድ ላይ ያለው የቻርጅ አገልግሎትም ከተማ ለቅቆ አልወጣም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ረዘም አድርገን ልንመለከተው ይገባል። «ንጹሕ» የሚባለው ኃይል ለማን ነው ንጹሕ? ካሮዎች፣ ከጎረቤቶቻቸው ከኛንጋቶምና ከዳሰነች ጋር፣ ለብዙ ትውልድ የኖሩበት አንድ እርሻ አለ። በደጋው ክረምት ሲበረታ ኦሞ ይሞላል፤ በነሐሴና በመስከረም ዳርቻውን አልፎ ይተኛል፤ ሲሸሽ ጥቁር ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። ገበሬው በዚያ እርጥብ አፈር ላይ በሾለ እንጨት ጉድጓድ እየቆፈረ ማሽላ ይዘራል። ዝናብ አያስፈልገውም፤ ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ በሬም አያስፈልገውም። አፈሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት ሰብሉን እስከ አጨዳ ያደርሰዋል። በቆላ፣ ዝናብ በሚያጥርበት አገር፣ ይህ የሙላት እርሻ የክፉ ቀን መጠጊያ ነው፤ ከብት ሲያልቅ ማሽላው ያኖራል። ግድቡ ደግሞ ሥራው ሙላትን መያዝ ነው። 14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፍ ውሃ አጠራቅሞ ዓመቱን ሙሉ አስተካክሎ መልቀቅ ለተርባይን ጥሩ ነው፤ ለሙላት እርሻ ግን ተስተካክሎ የሚፈስ ወንዝ የማይዘራ ወንዝ ነው። የግድቡ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ይህን ዐውቆ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለ10 ቀናት ሰው ሠራሽ ሙላት እንዲለቀቅ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሙላት እርሻው እንደተስተጓጎለ፣ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት መስኖም ተጨማሪ ውሃና መሬት እንደወሰደ ተመራማሪዎችና የመብት ተከራካሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። በሌላ በኩል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወንዙ መጨረሻ፣ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት በዳሰነች፣ ወንዙም ሐይቁም ከልክ በላይ ሞልተው አሥር ሺዎችን አፈናቅለዋል። ግድብ መካከለኛውን ሙላት ይውጣል፤ የባሰውን ግን ሁልጊዜ አያቆምም። ለገበሬ ከዚህ የከፋ ቅንጅት የለም። በዚህ ላይ ከግልገል ጊቤ 3 በታች የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ «እንግዲያውስ ቤንዚኑ ይሻላል» ማለት ይቻላል? አይቻልም። ቤንዚንም ከሰው አገር ከሰው መሬት የሚወጣ ነው፤ ጉዳቱ ከዓይናችን ራቀ እንጂ አልቀረም፤ ለካሮ ገበሬም ምንም አይመልስለትም። ግድቡ ደግሞ ተሠርቷል፤ መኪናው ቢቀርም ውሃው ይያዛል። ከላይ እንዳሰላነው የመኪናው ድርሻ ከግድቡ ምርት ትንሽ ስለሆነ «ግድቡ ለመኪና ተሠራ» ማለትም እውነት አይሆንም። የሚቀረው ጥያቄ፣ ከወንዙ የሚጠቀመው ሰው ለወንዙ ሰው ምን ይከፍላል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ኖርዌይ ታስተምራለች። የኤሌክትሪክ መኪና ወዳጆች ኖርዌይን መጥቀስ ይወዳሉ፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት ኤሌክትሪክ ነበሩ፤ መብራቷም እንደኛው ከውሃ ነው። የማይጠቀሰው ግን ሌላው ግማሽ ነው። ኖርዌይ ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ሕግ፣ ወንዛቸው ለተገደበባቸው ወረዳዎች ከሚመነጨው ኃይል እስከ 10 በመቶ በወጪ ዋጋ የመውሰድ መብት ሰጥታለች፤ በዚያ ላይ ዓመታዊ ክፍያ አለ። መኪናው ከመምጣቱ ከመቶ ዓመት በፊት የወንዙ ሒሳብ ተወራርዷል። እኛ መኪናውን ኮርጀን ሕጉን የምንተውበት ምክንያት የለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43ም ሕዝቦች በልማት እንዲሳተፉ፣ ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይም ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። ከግልገል ጊቤ 3 ዓመታዊ ምርት በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ 10 ሳንቲም ብቻ ለወንዙ ዳር ሕዝብ ቢቆረጥ በዓመት 650 ሚሊዮን ብር ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳው የመኪና ባለቤት ይህ 17 ብር ይሆንበታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማኪያቶ በዚህ ዋጋ አይገኝም። ለካሮ፣ ለኛንጋቶምና ለዳሰነች ግን የወንዝ ዳር መስኖ፣ የውሃ መሳቢያ፣ የእህል ማከማቻና ጤና ጣቢያ ማለት ነው። ገንዘብ ሙላቱን አይተካም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ለዚህም ነው የመስከረሙ 10 ቀን ሙላት ከገንዘቡ ጋር መምጣት ያለበት፤ በተለይ የሕዳሴው ግድብ ወደ ሥራ ገብቶ ኔትወርኩ በአንድ ወንዝ ላይ ከመንጠልጠል ከዳነ በኋላ፣ ለኦሞ ጥቂት ውሃ መልቀቅ እንደ ድሮው የሚያስፈራ ኪሳራ አይደለም።

የቀሩትን ተቃውሞዎች ባጭሩ ላንሣ። የኤሌክትሪክ መኪና የሀብታም ነው ይባላል። አዲስ መኪና በኢትዮጵያ ሁልጊዜም የሀብታም ነበር፤ የቀረጥ ምሕረቱ ግን ለቅንጦት መኪና ከሚውል ይልቅ ለሚኒባስና ለአውቶቡስ ቢያደላ ይሻላል በሚለው እስማማለሁ። መለዋወጫና መካኒክ ጠፋ የሚለው ስሞታ ትክክለኛ ነው፤ ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ መኪኖች ሶፍትዌራቸው በቻይንኛ፣ የቻርጀር አፋቸውም ከሌላው የተለየ መሆኑ ባለቤቱን ያሠቃያል፤ መንግሥት አንድ የቻርጀር ደረጃ ወስኖ ማስከበር አለበት። ባትሪው ያልቃል የሚሉት ግን ያጋንናሉ። ዛሬ በብዙ የቻይና መኪኖች ውስጥ ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ሊራገፍ የሚችል ነው። አጥብቆ የሚጠላው ሙቀትን ነው፤ ይህ ለወይጦና ለቱርሚ ቆላ ቁም ነገር ነው፤ እዚያ ለሚሠራ መኪና ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ያለው ብቻ መመረጥ ይኖርበታል።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ኮልቾ የሚሄድ ማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ ማንም ቢሆን ይቸገራል። አዲስ አበባ ሞልቶ የተነሣ ጥሩ ባትሪ ያለው መኪና አርባ ምንጭ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ጂንካ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጂንካ ወደ ቱርሚ፣ ከቱርሚ በጠጠርና በአፈር መንገድ ወደ ኮልቾ ይቀጥላል። ይህን መንገድ ለመክፈት መቶ ጣቢያ አያስፈልግም። ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶና ጂንካ ላይ አንዳንድ ፈጣን ቻርጀር፣ ቱርሚ ላይ ደግሞ የፀሐይን ኃይል የሚያጠራቅም ባትሪ ያለው አነስተኛ ጣቢያ ይበቃል፤ ደቡብ ኦሞ ፀሐይ አያንሰውም። የጎብኚው ላንድክሩዘር ግን የመጀመሪያው ደንበኛ ይሆናል ብዬ አልገምትም። በደቡብ ኦሞ ሰውን ከገበያ፣ ሕመምተኛን ከጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሞተር ሳይክል ነው። ሞተር ሳይክል ባትሪዋ ትንሽ ናት፤ ሁለትና ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ይሞላታል፤ ጣራ ላይ የተዘረጉ ጥቂት የፀሐይ ሰሌዳዎች በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያመነጫሉ፤ ብሔራዊው መስመር እስኪመጣ መጠበቅም አይኖርም። በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ቀን ከየወረዳው የሚመጣው ሞተረኛ በሃይላንድ ለሚገዛው ቤንዚን የሚያወጣውን ገንዘብ ያስላ፤ ያን ሒሳብ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ቢይዘው የባትሪ ብድር ለመስጠት የሚያመነታበት ምክንያት አይኖረውም። ጂንካ ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ የሙያ ማሠልጠኛም መካኒኩን እዚያው ሊያፈሩት ይችላሉ፤ የኤሌክትሪኩ ሙያ የቤንዚን ሞተር ለመጠገን የሚፈጀውን የልምምድ ዘመን ያህል አይፈጅም፤ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ጥቂት ነውና።